የባትሪ ሐኪሟ

አናጢው ከልጁ ጋር ገበያ የወጣው እንዳትታለል ሊጠብቃት ነበር። ልጁ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ናት። ቀኑን ሙሉ ከበር በር እየዞረች፣ እያጎነበሰች ቁጥር ስትጽፍ ትውልና ቤት ስትገባ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ትቀመጣለች። ከአፏ ቃል ስለማይወጣ ቤተሰቡ "ጭምቷ" ይላታል። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ቁርስ ላይ ጭምቷ ድንገት፣

"አባዬ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ስኬትቦርድ ልሠራ ነው። ዕቃ ስገዛ አብረኸኝ ትመጣለህ?" አለችው።

አናጢው የቆረሰውን ዳቦ ሳህኑ ላይ መለሰው።

"ያ ልጆች የሚንሸራተቱበት፣ ባለ አራት ጎማው ሳንቃ?"

"እሱ ነው። ሞተር ይገባለታል። ሥራዬን እየዞርኩበት እሠራለሁ።"

"ተሠርቶ ያለቀውን አትገዢም?"

"የሚሸጡት የኛን ዳገት አይችሉም። ሲበላሹ ደግሞ ፈትቶ የሚያያቸው የለም። እኔ ራሴ የምፈታውን ነው የምፈልገው።"

ነገሩ አልተዋጠለትም። ግን አርባ ዓመት ሙሉ ምስማርና መጋዝ ሲገዛ የኖረ ሰው ነው፤ የነጋዴን ዘዴ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብሎ ያምናል። ኮቱን ደረበና ተከተላት።

የመለዋወጫ ተራው ጠባብ መንገድ ነው። በግራም በቀኝም ሆዳቸው የተዘረገፈ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች፣ መንጠቆ ላይ የተሰቀሉ ሞተሮች፣ ቅባት የጠጡ የኩሽኔታ ካርቶኖች። አናጢው ደረቱን ነፍቶ ከፊት ከፊት ሄደ። የመጀመሪያው ሱቅ ደጃፍ ላይ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ "ስማ ወንድሜ፣ እንዳታሞኘኝ..." ብሎ ሳይጨርስ ባለሱቁ በትከሻው አሻግሮ አየና ፊቱ በራ።

"ሐኪሟ መጣች!"

አናጢው ዞር ብሎ ሐኪም ፈለገ። ከኋላው ከልጁ በስተቀር ማንም የለም።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁሉ "ሐኪሟ! ሐኪሟ!" ሆነ። አንዱ ቻርጀር ይዞ ይሮጣል፣ ሌላው ባትሪ ያቀብላታል። እሷ ታሸታለች፣ ጆሮዋን ታስጠጋለች፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሯን ሁለት ጫፎች ነካ ታደርግና በአንድ ቃል ትጨርሰዋለች። "ይሄ ነፍስ አለው።" "ይሄ አልቆለታል፣ አትድከም።" ሽማግሌ ነጋዴዎች አፏን እየተመለከቱ ይጠብቃሉ። አናጢው ቀስ በቀስ ከፊት ወደ ጎን፣ ከጎን ወደ ኋላ ቀረ።

ጭብጥ የማይሞላ ሞተር መርጣ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

"ይሄ ነው አንቺን ዳገት የሚያወጣሽ?"

"ዘንጉን አዙረው።"

አዞረው፤ በቀላሉ ዞረ። ጭምቷ ከሞተሩ የወጡትን የሦስት ሽቦዎች ጫፎች አንድ ላይ ጨምቃ ያዘችና "አሁንስ?" አለችው። አሁን ዘንጉ ማር ውስጥ እንዳለ ከብዶ ጣቱን ታገለው። ለቀቀቻቸው፤ ቀለለ። ያዘቻቸው፤ ከበደ።

"ማነው የያዘው?" አለ አናጢው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ራሱ ነው። ስታዞረው ኤሌክትሪክ ይሠራል፤ የሠራው ኤሌክትሪክ መልሶ ራሱን ይይዘዋል።"

አናጢው ሌላ ሥራ የሌለው ይመስል እዚያው ቆሞ ዘንጉን አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ አዞረው። እንጨት እንዲህ ያለ ነገር አድርጎለት አያውቅም።

ሞተሩን ከጎማ የሚያገናኝ ቺንጋ፣ አራት ጎማ፣ ብሎንና ዳዶ፣ አዲስ የሊድ መበየጃ ገዝተው መጨረሻ ላይ ባትሪ ተራ ደረሱ። ባለሱቋ ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ናት። ጭምቷ ባትሪዎቹን አንድ በአንድ እየለካች ስትደረድር፣ ባንኮኒው ሥር ካለው የተመላሽ ዕቃ ካርቶን ቀጭን ፉጨት ተሰማ። ቀጥሎ ነጭ ጭስ።

"ሁላችሁም ውጡ! አሁኑኑ!"

አናጢው ይህን ድምፅ ከልጁ አፍ ሰምቶት አያውቅም። እግሩ ሳያስፈቅደው ታዘዘ። ከደጅ ሆኖ ሲያይ ጭምቷ ረጅም መቆንጠጫ አነሳች፤ የሚያፏጨውን ባትሪ ከካርቶኑ ለይታ አወጣች፤ ሳትሮጥ፣ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ እንደያዘ ሰው ረግታ ተራምዳ ደጅ ያለ በርሜል አሸዋ ውስጥ ጣለችው። ወዲያው ነበልባሉ እስከ ጣሪያው ክፈፍ ዘለለ። በአካፋ አሸዋውን ደረበችበት፤ ጸጥ አለ።

አናጢው ወደ በርሜሉ ተጠጋ። ባለሱቋ ክንዱን ያዝ አደረገችው።

"አባባ፣ ልጅዎት ናት? ታድለው! ሱቄን ስታተርፈው ይሄ ሁለተኛዋ ነው። በርሜሉንም እዚህ ያስቀመጠችው እሷው ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ጥግ ተቀምጣ ስትፈታ፣ ስትገጥም... አልነገረችዎትም?"

አናጢውን ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቿ ጋ የምትሄድ ነበር የሚመስለው። ወደ ቤት ሲመለሱ ዕቃውን ሁሉ እሱ ተሸከመላት። ኩራቱ ደረቱን ሞልቶታል፤ ከኩራቱ ሥር ደግሞ አንድ ቤት እየኖርኩ ይህን ሁሉ እንዴት ሳላይ ቀረሁ የሚል ነገር ያሳክከዋል።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"በደንብ መሥራት እስክችል ብዬ ነዋ። አንተ ጠማማ ሥራ ስታይ ፊትህ ይለወጣል።"

እውነቷን ነበር፤ ሸክሙን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ።

"እሺ፣ እኔን ታዲያ ለምን አመጣሽኝ? የምረባሽ ነገር የለ!"

"ሳንቃው ነዋ፣ አባዬ" አለች፣ መሬት መሬት እያየች። "ሁለቴ ሞከርኩ፤ ሁለቴም ከመሐል ተሰበረብኝ። እንጨት አልገባኝም። ምን እንደሚሸከም እንድታይልኝ ፈልጌ ነው።"

አናጢው ሸክሙን አውርዶ መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ እዚያው ይጠይቃት ጀመር፤ ክብደቱ የት ያርፋል፣ ምን ያህል ይጉበጥ፣ ባትሪው ከሥር ስንት ጣት ቦታ ይፈልጋል።

ሰባት ስስ ጣውላ፣ አንዱ ወደ ርዝመቱ፣ አንዱ ወደ ወርዱ እየተነጠፈ፣ በቆላ ተጣብቆ ሞርሳ ውስጥ ጠብቆ ታስሮ ሰነበተ። እሱ ሲላግ እሷ ትበይዳለች። አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ። እሱ አልፎ አልፎ ላጊውን አስቀምጦ፣ ሊዱ ቀልጦ እንደ ጠል ሲንከባለል አንገቱን አስግጎ ያያል። እሷ ደግሞ ብሎን ለመትከል የበሳው ቀዳዳ ፀጉር ሳያስገባ ሲገጥም "እንዴት አወቅከው?" ትለዋለች። "እጄ ነው የሚያውቀው፣ እኔ እንጃ" ይላል።

በሦስተኛው እሑድ ጠዋት ሳንቃውን ከቤቱ በላይ ካለው ዳገት ሥር አስቀመጡት፤ የጭነት መኪና የሚያቃስትበት ዳገት ነው። ጭምቷ የራስ ቁሯን አጠለቀች፣ ሁለት እግሯን አሳረፈች፣ ሪሞቷን ጫን አደረገች።

ሄደች። ሳትገፋ፣ ሳትራመድ፣ ቀጥ ብላ እንደቆመች ዳገቱን ወጣችው። ድምፁ የንብ ያህል ብቻ ነው። በር ላይ የቆመች ጎረቤት መጥረጊያዋን ይዛ ደርቃ ቀረች። አናጢው ባርኔጣውን ለምን እንዳወለቀ ሳያውቅ አውልቆ፣ ልጁ አናቱ ላይ ደርሳ ትንሽ እስክትሆንና ተመልሳ ተንሸራታ ፊቱ እስክትቆም ድረስ ትንፋሹን ያዘ።

"ሳንቃው ትንፍሽ አላለም" አለችው እየሳቀች። "ጎበጥ ይልና ይመለሳል። አንተም ሞክረው።"

"በዚህ ዕድሜዬ ልትሰብሪኝ ነው!" አለ። ግን አንድ እግሩ ቀድሞት ወጥቶ ነበር። እሷ ክንዱን ይዛ፣ ሪሞቱንም ራሷ ይዛ፣ ሜዳው ላይ አሥር እርምጃ ያህል ወሰደችው። መሬቱ ከሥሩ ራሱ የሚሄድ መሰለው። ሲወርድ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ጎረቤቷ እንዳታየው ወደ ጎማዎቹ አጎነበሰ።

"የኔ ሳንቃ ደግሞ" አለ ጎማውን በጣቱ እያዞረ፣ "ሰፋ ይበል።"