የሚጡ ምራቅ

የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነው። በጥንቃቄው የተነሳ መናኸሪያው ሁሉ «ፍሬኖ» ይለዋል። ያን ዕለት ጠዋት አለቃው ቁልፉን ተቀበለውና፣ «ከእንግዲህ በር ላይ ትቆማለህ» አለው።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ኢንሹራንሱ ነው። የእህትህ ምራቅ ሲመረመር ከዘር የሚወረስ፣ ሰውን ድንገት የሚጥል የልብ ሕመም ተገኘበት። አንተም ሊኖርብህ ስለሚችል፣ አንተ ከነዳኸው አንሸፍንም አሉ።»

«የእሷ ምራቅ የእኔን መሪ ምን አገባው?»

«ጠበቃ ጠይቀናል። ምራቁ የእሷ ነው፣ እሷ ደግሞ ፈርማለች።»

ፍሬኖ በቀጥታ ወደ እህቱ ጸጉር ቤት ሄደ። ሚጡ የአንዲት ደንበኛ ጸጉር በቢጎዲን እየጠቀለለች ነበር።

«ምራቅሽን ለማን ሰጠሽ?»

«ለእነዚያ የምርመራ ድርጅት ልጆች ነዋ፣ ጋሼ። በነጻ ነው ብለው ቱቦ ይዘው መጡ። ያንንም ሰጡን» አለች፤ ጥግ ላይ ወደተሰቀለው ጃንጥላ በአገጯ እየጠቆመች።

«ስሜንስ?»

ሚጡ ፈገግ አለች። «ወንድም አለሽ ወይ ሲሉኝ፣ እንዴታ አልኳቸው። በዚህ መስመር እንዳንተ ያለ ሾፌር እንደሌለ፣ የት እንደምትሠራ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። በወንድሜ ብኮራ ነውር ነው?»

«ኮርተሽ ዘበኛ አደረግሽኝ። ጉሮሮዬን በአንድ ጃንጥላ ዘጋሽው።»

አለቃው ያለውን አንድ በአንድ ዘረገፈላት። ስለ ልብ ሕመሙ ሲደርስ የሚጡ እጅ በደንበኛዋ ጸጉር ውስጥ እንዳለ ቆመ።

«ቆይ ጋሼ። ሕመሙ የተገኘው በማን ምራቅ ላይ ነው?»

«በአንቺ ነዋ፣ ሌላ ማን . . .» አልጨረሰውም።

«ለእኔ እኮ የነገረኝ የለም» አለች ቀስ ብላ። «ደረጃ ስወጣ ያዞረኛል። ምሳ ስለሚያልፈኝ ይመስለኝ ነበር።»

ፍሬኖ መንገዱን ሁሉ ስለ ቁልፉ ሲብሰለሰል ነው የመጣው። ስለ እሷ አንዴም አላሰበም። ለአውቶቡሱ የተጨነቁት ሰዎችም አላሰቡም፤ በዚህ ከእነሱ አልተሻለም።

ወንበር ሳበላት። ደንበኛዋም ግማሽ ጸጉሯ እንደተጠቀለለ ተነስታ ውሃ ቀዳችላት። እሱ ጃንጥላውን ዘርግቶ ላዩ ላይ የተጻፈውን ስልክ ደወለ። ትሁት ድምፅ ያላት ሴት እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

«ይቅርታ፣ ምራቅ ለሰጡ ሰዎች ውጤት አንሰጥም። የድርጅቱ ንብረት ነው።»

«ለኢንሹራንሱ ሰጥታችሁ የለም እንዴ?»

«እነሱ ደንበኞቻችን ናቸው፣ ጌታዬ።»

ስልኩን ዘጋ።

«ምን አሉህ?» አለች ሚጡ።

«ውጤቱ የድርጅቱ ነው አሉ። ተይው፣ ሐኪም ቤት እወስድሻለሁ።»

«በምን? አውቶቡሱን ቀምተውህ።»

ልታስቀው ፈልጋ ነበር። ሁለቱም አልሳቁም።