የአየነው በርሜል

ሐርጌሳ ከፍርስራሿ ስትነሣ ግንበኛ አይበቃትም ነበር። እኔና አየነው ሼክ ኑር ሰፈር ውስጥ በአንድ ግቢ ጎን ለጎን ተከራይተን፣ በየቀኑ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ድረስ እየሄድን ቤት እንሠራለን። እሱ ግንበኛ፣ እኔ ቢያድግልኝ ረዳቱ ነኝ። ሚስቱ ዳግማዊት ጋአን ሊባህ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች፤ የምትበላውም የምትጠጣውም እዚያው ነው።

ውሃ የሚያመጣልን ባለ አህያ ጋሪ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። አየነው ይሄ ቢሰለቸው ከገበያ የብረት በርሜል ገዛና ክፍሉ ውስጥ አስገባው። ክዳኑ ሲከፈት አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ነበረው። ዳግማዊት ምንም አልመሰላት። በአመድና በአሸዋ ፈትጋ አጠበችው፤ ከዚያም እናቷ ጋን እንደምታጥነው፣ የወይራ እንጨት አጫጭሳ በርሜሉን ደፋችበትና አጠነችው። ሽታው ጠፋ፤ ውሃው ወይራ ወይራ አለ።

“ጌሾ ብቻ ነው የጎደለው!” ብለን ሳቅን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። አየነው ከሥራ ሲገባ ቆሞ በጣሳ ይጨልጣል። እኔ ከራሴ ጄሪካን በቀር አልነካም፤ የሰው ውሃ ከጠጣሁ የኔንም መስጠት ሊመጣ ነው። ንፉግ ነኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አየነው ራሴን አመመኝ ማለት አበዛ። ቀጥሎ የግንብ ማቅኛው ቱምቢ እጁ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንድ ቀን ሥራ ላይ እያለ ወደቀና አረፋ ደፈቀ። ዳግማዊት “ዓይን ነው” አለች። ግንቡን ያደነቀለት ሰው ሁሉ ተጠረጠረ፤ እኔም አልቀረሁም።

ከጅጅጋ በሚመጣ መኪና አንድ ጄሪካን ጠበል አስመጣችለት። ያቺ ስንት ቀን ልትቆይ ነው? ጠበል የተጨመረበት ውሃ ሁሉ ይባረካል ብላ በርሜሉ ውስጥ ገለበጠችው። ከዚያ ወዲያ በርሜሉ የአየነው ብቻ ሆነ፤ ለወጡም ለእጥበቱም ሌላ ዕቃ ተገዛ። በየማለዳው “በስመ አብ” ብላ ጣሳ ሙሉ በባዶ ሆዱ ታጠጣዋለች። ሲጎድል ባለጋሪው ደጅ ካወረደው ውሃ ትሞላዋለች፤ ጠበሉ አያልቅም።

ሲብስበት ሐኪም ቤት ተኛ። እዚያ ሲሰነብት ቀለል አለው፤ እጁም ጸና። “ያን ግንብ አንተ እንዳትነካው፤ ቢጣመም የሚሰደበው የኔ ስም ነው” ብሎ ቀለደብኝ። ዳግማዊት ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች። “ጠበሉ ያዘለት!” አለችና በማግስቱ ከበርሜሉ በጠርሙስ ቀድታ ወሰደችለት። በዚያው ቀን ሕመሙ ደጋግሞ ጣለው። አልተነሣም።

መቃብሩን እኔና የሥራ ጓደኛችን ሲራድ ቆፈርን።

የግቢው ባለቤት ማርያን ለልቅሶ መጣች። ወደ ክፍላቸው ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር። በርሜሉን እንዳየች ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

“ይሄን ከየት አመጣችሁት?” አለች፣ ኢትዮጵያ ተሰዳ ሳለች በለመደችው አማርኛ። “የአንበጣ መርዝ በርሜል ነው እኮ! በጦርነቱ ጊዜ መጋዘኑ ሲዘረፍ መርዙን ደፍተው በርሜሉን ሸጡት። የኛ ሰው ያውቀዋል፤ ውሃ አያደርግበትም።”

“አጥኜዋለሁ” አለች ዳግማዊት። “በወይራ አጥኜዋለሁ እኮ።”

ማርያን “ኢና ሊላሂ” ብላ ቁጭ አለች።

ተናደድኩ። በሻጩ ተናደድኩ፣ በዳግማዊትም፣ ሳቄን ሳስታውስ በራሴም። በርሜሉን ወደ ደጅ እየገፋሁ ላፈሰው ስል ዳግማዊት እጄን ያዘችኝ።

“ተው ቢያድግልኝ! ጠበል አለበት። እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም።”

ልጮህባት አፌን ከፈትኩ፤ ፊቷን አየሁና ተውኩት። አካፋዬን አምጥቼ ከአጥሩ ሥር፣ ሰው የማያልፍበት ጥግ ላይ መቆፈር ጀመርኩ። መጥታ አጠገቤ ቆመች።

“ጠለቅ አድርገው” አለችኝ። ለአየነውም እንዲሁ ብላኝ ነበር።