ክዳን የማይወድ ቀለም

እኔ ቀይና አረንጓዴ አይለዩልኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ግራ እንዳትጋቡ ነው። ሲፈጥረኝ እንዲህ ነኝ፤ ለእኔ ሁለቱም አንድ ዓይነት የደፈረሰ ውሃ ናቸው። የሌላ ሰው ልጅ ብሆን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር። ምን ያደርጋል፣ የክር አቅላሚ ልጅ ሆንኩ። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ በርሜል ላይ ጎንበስ ብሎ ክር ሲነክር የኖረ ሰው ነው፤ ወንድ ልጁ ደግሞ ቀዩን አምጣ ሲሉት አረንጓዴውን ይዞ ከተፍ የሚል ሆነበት። ስሜን ትቶ «ጉሜ» አለኝ፣ በጉም ውስጥ የሚኖር ለማለት። ይኸው እስከ ዛሬ ጉሜ ነኝ።

ልጅ ሳለሁ አንድ ጨዋታ ነበረን። አባዬ ከእንፋሎቱ ውስጥ ብቅ ይልና ሁለት ልቃቂት ክር ፊቴ ላይ ያንጠለጥላል። «አንድ ነው ሁለት?» ይለኛል። እኔም አንድ እላለሁ። አንዳንዴ ደስ ይበለው ብዬ ሁለት ካልኩት፣ «እንግዲያው አረንጓዴው የቱ ነው?» ብሎ ያፋጥጠኛል። በግምት እጠቁማለሁ፤ እሳሳታለሁ፤ ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ እሳቱ አጠገብ ሆና በሳቅ ትፈርሳለች። አባዬ ግን ስቆ አያውቅም። ልቃቂቶቹን መልሶ ገመዱ ላይ ሲሰቅል ትከሻው ዝቅ ይላል፤ እሱን ሳይ አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ለሙያው እንደማልረባ ሲታወቅ ኮምፒውተር ተማርኩ። ለእትዬ በርሜሉ፣ ለእኔ ኪቦርዱ ደረሰን። ከበርሜሉ ጨርሶ እንዳልለይ ብዬ ይመስለኛል፣ ለአባዬ የቀለም ቅመማውን የሚጽፍበት ፕሮግራም ሠራሁለት። ሰርቨር የለው፣ ኢንተርኔት የለው፤ የተጻፈው ሁሉ የሚቀመጥበት ዳታቤዝ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ከፕሮግራሙ ጋር ተሸጉጦ የሚኖር አንድ ፋይል ነው። አባዬ የዱቄቱን ዓይነት፣ የውሃውን ሙቀት፣ ክሩ የሚቆይበትን ጊዜ ይጽፋል። ስሙን ግን ባዶ ይተወዋል። ክሩ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በቀን ብርሃን ካልታየ ስም አይወጣለትም ባይ ነው።

አመል ደግሞ አለው። በርሜል አይከድንም። ቀለም ክዳን አይወድም፣ ከከደኑት ያኮርፋል ይላል። ኮምፒውተሩንም እንደ በርሜሎቹ ቆጠረውና አንድ ጊዜ የከፈተውን ፕሮግራም መዝጋት እርም አለ። አባዬ ስትጨርስ ዝጋው እንጂ ብዬ ብለምነው፣ ብቆጣ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ። ጠዋት ሲገባ ማታ ከተወው መስመር ላይ ይቀጥላል፣ እንደ ሕልም።

ባለፈው ክረምት ዓይኑ መክዳት ጀመረ። ሐኪሙ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም ይሄዳል አለን። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅሳል፣ ስለት ይሳላል፤ አባዬ ነገር ዓለሙን ትቶ ሁለት ቀለም ላይ ተተከለ። አንድ ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ። በሕይወቱ ስንት ቀይና አረንጓዴ የነከረ ሰው አሁን ምን አዲስ ነገር ፈልጎ ነው ብላ እትዬ ብትጠይቀው፣ አርፈሽ እሳትሽን ጠብቂ አላት። ይነክራል፣ መስኮቱ ጋ ወስዶ ዓይኑ ሥር ያደርገዋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ያልሆነለትን ሙከራ ጥቁር ቀለም ያለበት በርሜል ውስጥ ይከተዋል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል በቃ ገባኝ አለ። የሁለቱን የመጨረሻ ቅመማ በዝግታ ጻፈ። ሊነክረው በተነሣበት ጠዋት ግን በርሜሉን ማየት አቃተው።

እትዬ የደወለችልኝ ከዚያ በኋላ ነው። እሷ ልትነክርለት ፕሮግራሙን ብትከፍት ሁለቱ ቀለሞች የሉም። በቃልህ ንገረኝ ብትለው ስንቱን ሙከራ ከስንቱ ልለየው አላት። ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። ሥራዬን እንደተዝረከረከ ትቼ እግሬን ነቀልኩ።

ማቅለሚያ ቤቱ እንደ ሁልጊዜው ነበር። ከበርሜሎቹ የሚነሣው እንፋሎት ጣሪያው ሥር ተኝቶ፣ ከመስኮቱ የገባው ብርሃን በውስጡ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል። ከተሰቀለው ክር ላይ ጠብ፣ ጠብ የሚለው ውሃ ብቻ ይሰማል። እዚያ ቤት ስገባ ሁልጊዜ ገና ያልነቃሁ ይመስለኛል። አባዬ ከወዲያ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ እግሬን ሰምቶ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፣ ትንሽ ወደ ግራ ስቶ። 

እትዬ ጠረጴዛው ላይ አዲስ ኮምፒውተር አስቀምጣለች። አሮጌው ሲያቃስት ጊዜ ይህን ገዝታ ነገሩን ሁሉ ወደዚህ አዛወረችው። ፕሮግራሙን ስከፍት ዳታቤዙ ተቆልፏል አለኝ። እትዬ ማን ቆለፈው፣ እኔ ቁልፍ የሚባል አልነካሁም ብላ ተቆጣች። ሳቄ መጣ። ለካ ሲዘገይባት ደጋግማ ስትጫን ፕሮግራሙ አንዱ በአንዱ ላይ ተከፍቶ፣ አንደኛው ፋይሉን ለመጻፍ ጨምድዶ ይዞ ሌሎቹን አላስገባም ብሏል። ሁሉንም ዘጋሁና እንደ ሰው አንዱን ብቻ ከፈትኩ። ቁልፉ ተፈታ። ቀለሞቹ ግን የሉም።

ፋይሉ ተበላሽቶ እንደሆነ መረመርኩት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጤነኛ ነኝ አለኝ። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። የተበላሸ ነገር ይጮኻል፤ ይሄ ግን ምንም ሳይሆን፣ ጤንነቱ እንደተጠበቀ፣ ክረምቱን ሙሉ ረስቶታል።

ያዛወርሽው የትኛውን ነው አልኳት። ትልቁን ፋይል አለችኝ። አጠገቡ ትንንሾች አልነበሩም? ነበሩ፤ ኮተት መስለዋት ትታቸዋለች። ወይ ጉድ! ተቀመጪ አልኳትና ነገርኳት። አዲስ የሚጻፈው ነገር መጀመሪያ የሚያርፈው ከትንንሾቹ ፋይሎች በአንዷ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ሲዘጋ ወደ ትልቁ ይገለበጣል። ሲዘጋ! አባዬ ደግሞ መዝጋት አያውቅም። ክረምቱ በሙሉ ያለው እትዬ ኮተት ብላ በተወችው ውስጥ ነው።

«አሮጌውን አጠፋሽው?» አልኳት። 

እትዬ ወደ አባዬ አየች። ጠጋ ስል ነው የገባኝ። አባዬ እጁን ያሳረፈበት፣ አሮጌ ሸሚዝ የለበሰ ነገር አጠገቡ አለ፤ ከሸሚዙ ሥር ቀጭን ማቃሰት ይሰማል። እትዬ ኮምፒውተሩን ለሰው ልትሰጠው ቃል ገብታ ነበር። ሊያስነካት ነው? እጁን እላዩ ላይ ጭኖ ከበርጩማው አልነሣም ብሏታል። ስክሪኑን ብቻ አጥፍታ ትታዋለች። ሸሚዙን ገለጥኩ፣ ስክሪኑን አበራሁ። ፕሮግራሙ አባዬ ባቆመበት መስመር ላይ ተከፍቶ ቁጭ ብሏል።

ከሁሉ በፊት ትልቁንም ትንንሾቹንም አንድ ላይ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። ፕሮግራም እየሠራ የተወሰደ ኮፒ አይታመንም፤ ከባዶ ግን ይሻላል። ከዚያ የመጨረሻዎቹን ቅመማዎች ጠየቅኩት። መጡ። ሁለት መስመር፣ ስማቸው ባዶ።

አባዬ «አሉ ወይ?» አለኝ። አሉ አልኩት። ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ። አሁን እንግዲህ መዝጋት አለብን ስለው ግን እጁ ኮምፒውተሩ ላይ ጠበቅ አለ።

«ዓይኔም እንደዚህ ነው የተዘጋው» አለኝ። «ተዘግቶ የተመለሰ ነገር እኔ አላየሁም፣ ልጄ።»

 ስለ ፋይል ላስረዳው ጀመርኩና ተውኩት። ክር ከበርሜል ሲወጣ ቀለሙ የት ይቀራል ብዬ ጠየቅኩት። ክሩ ላይ ነዋ አለ፣ የማይረባ ጥያቄ እንደጠየቅኩት ሁሉ። ይሄም እንደዚያ ነው፣ ስንዘጋው ከውሃው ወደ ክሩ ይገባል አልኩት። ጣቶቹ ከኮምፒውተሩ ላይ አንድ በአንድ ላሉ።  በመጨረሻ አንተው እጄን ውሰደው አለኝ። እጁን ማውሱ ላይ አኖርኩ፤ ሸካራ ጣቱን በጣቴ ይዤ ቀስቷን በስክሪኑ ጥግ ወዳለችው የመዝጊያ ምልክት ወሰድኳት። አባዬ ራሱ ተጫናት።

የፕሮግራሙ መስኮት ተዘጋ። ትንሿ ፋይል ዓይናችን እያየ ከፋይሎቹ ዝርዝር ውስጥ ጠፋች። እትዬ «ሄደች!» ብላ ክንዴን ጨመደደችው። እንደምትሄድ እያወቅኩ እኔም ትንፋሼ ቆሞ ነበር። ትልቁን ፋይል ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ወሰድኩ፣ ከፈትኩ፣ ጠየቅኩ። ሁለቱም አሉ። እትዬ እስክሪብቶ እንኳ አልፈለገችም፣ እዚያው እያነበበች ዱቄት መመዘን ጀመረች።

በማግስቱ ነከረች። አባዬ ከበርሜሉ አጠገብ ቆሞ አፈላሉን በጆሮው፣ ዱቄቱን በአፍንጫው ይከታተል ነበር። አሁን አውጪ ይላታል፣ ታወጣለች። እኔን ደግሞ ከቤት አትውጣ ብሎኛል። ለምን እንደፈለገኝ አልገባኝም፤ ቀለም ለማየት ከእኔ የባሰ ምስክር ከየት ይመጣል?

ክሩ ሲደርቅ ወደ ግቢው ጠራኝ። እትዬ ሁለቱን ልቃቂት በየእጁ ሰጥታው ወደ ኋላ ብላለች። የቀን ብርሃን ነበር። አባዬ ክንዱን ዘረጋና ፊቴ ላይ አንጠለጠላቸው፣ ትንሽ ወደ ግራ ስቶ።

«አንድ ነው ሁለት?» አለኝ።

አየሁ። እንደገና አየሁ። አንዱ ቀዝቃዛ ነው፣ ወደ ሰማዩ ያዘነበለ። ሌላው ሞቃት ነው፣ ወደ ፍሙ የቀረበ። ደፍርሶ አብሮኝ የኖረው ውሃ መሐል ለመሐል ተከፈለ። የልጅነቴን ስህተቶች ሁሉ፣ ምን ከምን ጋር እንደሚምታታብኝ፣ ይህ ሰው ሲያጠናው ኖሯል። ዓይኑ እየጠፋ፣ ለእኔ ዓይን ሲቀምም ነበር የከረመው።

«ሁለት» አልኩት። 

ደስ ይበለኝ ብለህ እንዳይሆን አለ። ከዚያም ቀስ ብሎ፣ «እንግዲያው አረንጓዴው የቱ ነው?»

እጄን ዘርግቼ ቀዝቃዛውን ያዝኩ። አባዬ ሌላውን ትከሻው ላይ ጣለና ጣቶቹን በእጄ ላይ አሳልፎ ወደ ክሩ ጫፍ ወረደ። እዚያ፣ ክሩ ወደ አረንጓዴው በርሜል ሳይገባ፣ ጠዋት በዳበሳ የቋጠራት ትንሽ ቋጠሮ ነበረች፤ አረንጓዴውን በእጁ እንዲያውቀው። ጣቱ ቋጠሮዋ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዝቅ ሲል ያየሁት ትከሻ ቀና አለ።

እትዬ አፏን ይዛ ታለቅስ ነበር። አባዬ ወደ እሷ ዞረ።

«ስማቸውን ጻፊው» አላት። «የጉሜ ቀይ፣ የጉሜ አረንጓዴ በይ። ከዚያ ዝጊው።»