ይደገም ያለው ወረቀት

ማሒር የስልኩን ጥሪ ለሦስተኛ ጊዜ ዘጋውና ወደ ጫቱ ተመለሰ። ሐረር፣ ኤረር በር ላይ የጅጅጋው ጭነት መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል፤ ሹፌሩ ጥሩምባውን ያስጮኻል፤ የማሒር እጅ ግን ጫቱን ያስራል እንጂ ልቡ እዚያ የለም። ደዋይዋ የአዲስ አበባው ክሊኒክ ነርስ ናት። የምትለውን ቃል በቃል ያውቀዋል። ጽንሶቹ ዝግጁ ናቸው፤ ሐሙስ ሁለታችሁም መጥታችሁ ትፈርማላችሁ፤ ያለ ባል ፊርማ አንዱንም ከማቀዝቀዣው አናወጣም።

"ጽንሶቹ!" አለ ለራሱ። "የማን ጽንሶች?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሒርና ኑሀ ከተጋቡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጅ የለም። ከሁለት ዓመት በፊት ማሒር እዚሁ ሐረር፣ አቦከር ሰፈር ካለ አንድ ላቦራቶሪ የዘር ፈሳሹን አስመርምሮ የሚንቀሳቀስ አንድም የለም ተባለ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ከኑሀ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላለም። ባለፈው ወር ደግሞ የአዲስ አበባው ሐኪም፣ ማሒር እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ የሰጠውን ናሙና አይቶ "ጥቂት ናቸው፤ ግን በሕይወት አሉ። ለእያንዳንዱ እንቁላል አንድ አንድ እየመረጥን በመርፌ እናስገባለን" አለው። ሦስት ጽንስ ተገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን በደስታ ጣሪያ ይነካ ነበር። ማሒር ግን ገበያ ውስጥ ያደገ ሰው ነው። ትናንት የሞተ ዛሬ ተነሣ ሲሉት መጀመሪያ የሚያየው የሻጩን ዐይን ነው።

ከዚያ ወዲህ ያልጠረጠረው ነገር የለም። ነርሷ አራት ብልቃጥ በአንድ ትሪ ይዛ ስትሄድ አይቷል፤ ቢቀያየርስ? ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩን ሲነካካ የነበረው ያ ቀላ ያለ ጎረምሳስ? ሚስት አብራው አልነበረችም፤ ታዲያ እዚያ ምን ሊሠራ መጣ? ሲብስበት ደግሞ ኑሀን ጠረጠረ። "አልሐምዱሊላህ" ያለችው ሐኪሙ ንግግሩን ሳይጨርስ ነው። አስቀድማ ታውቅ ነበር ማለት ነው? የሌላ ሰው ዘር ቤቱ ገብቶ በእሱ ስም ሊጠራ! ይህ ደግሞ ሐራም ነው፤ ነሰብ፣ የዘር ሐረግ፣ ማበላሸት ነው፤ ቀልድ አይደለም።

ዛሬ ጠዋት ኑሀ ለነገው መንገድ ሻንጣ ስታዘጋጅ ነገሩ ፈነዳ።

"ኑሀ፣ ሐኪሙን ብቻሽን አነጋግረሽው ታውቂያለሽ?"

እጇ ልብሱ ላይ እንዳለ ቀረ። "ምን ማለትህ ነው?"

"የጠየቅኩሽን መልሺ።"

"ማሒር፣ በአላህ! ጠረጠርከኝ?"

"የጠረጠርኩት ሐኪሙን ነው።"

"ሐኪሙ እዚህ የለም። አፍጥጠህ የምታየው እኔን ነው።" ሻንጣውን ዘጋችው። "ካልሄድክ ቁርጡን ንገረኝ። ሰው ሁሉ መካን ሲለኝ ችዬ ኖሬያለሁ። ይሄን ግን አልችለውም። ወላሂ አልችለውም!"

ጥሏት ነበር ወደ ሥራው የወጣው። አሁን መኪናው እንደሄደ፣ ያንን የድሮ ወረቀት ከገንዘብ ሣጥኑ ሥር አውጥቶ ወደ አቦከር ገሠገሠ። ማኅተም አስመትቶ ክሊኒኩ ጠረጴዛ ላይ ሊወረውርላቸው ነው። እስቲ ያኔ ምን እንደሚሉ ያያል!

የላቦራቶሪው ባለሙያ ጋሽ ለገሠ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽር የሚፈልጉ ሽማግሌ ናቸው። ሥራቸው ላይ ግን ቀልድ አያውቁም።

"ጋሽ ለገሠ፣ ይህ የእርስዎ ፊርማ ነው?"

"የእኔ ነው። ምነው?"

"አልተሳሳቱም?"

"አንተ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት በማይክሮስኮፕ ያየሁ ሰው ነኝ!"

"እንግዲያው አዲስ ማኅተም ይምቱልኝ። አዲስ አበባ ያሉት ሌቦች በሕይወት አሉ ብለውኛል።"

ጋሽ ለገሠ ወረቀቱን ወደ ዐይናቸው አስጠጉት። "ቁጥሩ ትንሽ፤ የሚንቀሳቀስ የለም። ልክ ነው። ታች የጻፍኩትን ግን አንብበኸዋል?"

ታች በእጅ የተጻፈች አንዲት ቃል አለች። ይደገም።

"ደገምክ?"

"አልደገምኩም።"

"ለምን?"

"አፈርኩ።"

"እሺ። ናሙናውን እዚሁ ነበር የሰጠኸው?"

"ኧረ ምን በወጣኝ! ሴቶቹ ተሰልፈው በተቀመጡበት? ከቤት ነው ያመጣሁት።"

"እንዴት አድርገህ?"

"በጥንቃቄ ነዋ!" ማሒር እዚህ ላይ እንዲያውም ኮራ አለ። "እንዳይበላሽ ብልቃጧን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኳት፣ በላዩ የሙዝ ቅጠል፣ ከዚያ ዙሪያውን ከጁስ ቤት የገዛሁት በረዶ። ልክ ጅጅጋ እንደምልከው ጫት።"

ጋሽ ለገሠ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። "እንደ ጫት?"

"እንደ ጫት።"

"ስንት ሰዓት ቆየ?"

"መጀመሪያ የጠዋቱን ጭነት ሸኘሁ። ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው። ግን እዚህ ስደርስ በረዶው ገና አልቀለጠም ነበር!"

"ጉድ! ኧረ ጉድ ነው!" ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ያዙ። "አንተ ሰውዬ፣ በገዛ እጅህ እኮ ነው የጨረስካቸው! ይሄ ሰውነትህ ላይ ለጥፈህ፣ ሙቀቱን ሳይለቅ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው የሚመጣው። ቅጠል መሰለህ?"

ማሒር ክው አለ። ቢሆንም ጥርጣሬ በቀላሉ እጅ አይሰጥም። "እነሱስ ጽንሶቹን በቅዝቃዜ አይደል ያስቀመጡት?"

"እነሱ በመድኃኒትና በመሣሪያ ነው የሚያቀዘቅዙት። ከጁስ ቤት በረዶ አልገዙም።" ወረቀቱን መለሱለት። "ስማኝ። ቁጥርህ ትንሽ ነው፤ ያ እውነት ነው፤ ያለ ሕክምና ይከብድሃል። በሕይወት ያሉ ተገኙ ቢሉህ ግን ምንም የሚገርም ነገር የለውም። ልብህ ካልሞላ ልጁ ሲወለድ የአባትነት ምርመራ አለ። እኔ ግን በዚህ ወረቀት ሰው ለመክሰስ ማኅተም አልመታም።"

ማሒር ኩም ብሎ ወጣ። ጥርጣሬው ለቀቀው ማለት አይቻልም፤ ያ ጎረምሳ አሁንም ዐይኑ ላይ አለ። በጠባቧ የጀጎል መንገድ ወደ ቤቱ ሲወርድ ግን ከጎረምሳው ይልቅ አንድ ሌላ ሐሳብ ያዘው። ወረቀቱ የእሱ ነበር። የተሰደበችው ግን ኑሀ ናት። በሠርጉ፣ በመውሊዱ፣ በለቅሶ ቤቱ ሴቶች ሆዷን እያዩ ከንፈር ሲመጥጡ አንድ ቀን እንኳ "እሱ ነው" አላለችም። እሱ ደግሞ እየሰማ ዝም ብሏል። ዝም ማለቱ ሳያንስ ዛሬ ጠዋት ጠረጠራት። አፈረ፤ እንደዚህ አፍሮ አያውቅም።

ደጃፉ ላይ የእናቱ የሐጂያ ዐብላ ድምፅ ተቀበለው። መደቡ ላይ ተቀምጠው ኑሀን ይመክራሉ።

"ልጄ፣ ክፋት አስቤ አይደለም። ሕክምናው እንቢ ካለሽ ሌላ እንዲያገባ ብትፈቅጂለት ምን አለ? ሸሪዓው እንደሆነ ይፈቅዳል።"

"እሺ እማ" አለች ኑሀ፣ አቀርቅራ።

ይህን ምክር ማሒር ስንት ጊዜ ሰምቷል! ሁሌም ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ውስጠኛው ክፍል ያልፍ ነበር። አሁንም እግሩ ሊያልፍ ተነሣ፤ ከዚያ ቆመ። ጫማውን አውልቆ ከእናቱ ሳይሆን ከኑሀ አጠገብ ተቀመጠ።

"እማ፣ ችግሩ የእኔ ነው።"

"ምን አልክ?"

"ችግሩ እኔ ጋ ነው ያለው። ዘሬ ጥቂት ነው። ኑሀ ምንም የለባትም፤ ሐኪሞቹ አይተዋታል።"

እናቱ ዐይናቸውን አጥብበው አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ። "ይህን የምትለው እሷን ለመሸፈን ነው። መቼም አንጀትህ ቡቡ ነው።"

"አይደለም እማ። የሸፈነችኝ እሷ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ።"

ኑሀ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። እናቱ ግን ወዲያው ወደ በሩ ዘወር ብለው ሰው መስማት አለመስማቱን አዩ።

"አስተግፊሩላህ! ወንድ ልጅ ይህን በአፉ አይናገርም! ነገ ስትሄዱ ሴቶቹ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?"

"ማሒር ሊታከም ሄደ ይበሏቸው" አለ። "ኑሀ ልታስታምመው አብራው ሄደች ይበሏቸው።"