ኢንስፔክተሩን ያረምኩበት ረቡዕ

«ይህ ትምህርት ቤት መቼ ተመሠረተ?» ሲሉ በበሩ የገቡት ሰውዬ ጠየቁኝ።

አላወቅኩም። ዛሬ ብጠየቅ ቀኑንና ወሩን ጽፌ እሰጣለሁ። ያን ጊዜ ግን ፊደል መቁጠር ከጀመርኩ ገና ሦስት ወሬ ነበር። የማውቀው አዳራሹ ድሮ የሳሙና መጋዘን እንደነበር፣ ዝናብ በገባ ቁጥርም ወለሉ አረፋ እንደሚያወጣ ብቻ ነው። የዳንስ ተማሪዎቹ እየተንሸራተቱ ነው ያደጉት።

ትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ከሂሳብና ከሳይንስ ጎን ትያትር፣ ሙዚቃና ዳንስ ያስተምራል። ልጄ የገባችው ለትያትር ነው። በቀድሞው ትምህርት ቤቷ «ድዳዋ» ይሏት ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ቃል አልተነፈሰችም። እዚህ በገባች በወሯ ንግሥት ሆና ከገዛ ወንበሬ አስነሳችኝ። ስለዚህ «ኢንስፔክተር ሊመጣ ነው፤ ካልተስማማው ይዘጋል፣ ልጆቹም ወደየመጡበት ይመለሳሉ» ሲባልና በር የሚጠብቅ ወላጅ ሲፈለግ ከሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁ።

መቼ እንደሚመጣ ግን ማንም አልነገረኝም። ረቡዕ ደግሞ ትምህርት ቤቱን የመሠረቱት ዳይሬክተር ያወጡት ሕግ አለ፤ የትያትር ተማሪዎች ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው ሆነው ይውላሉ፣ ያገኛቸው ሁሉ ሳይራራ ያርማቸዋል። ያን ጠዋት ሁለት ሐኪም፣ አንድ ዳኛና አንድ ነፍሰ ጡር የሆነ ጎረምሳ አርሜያለሁ። ሰውዬው ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ሲመጡ አምስተኛዬ መሰሉኝ።

«ጥያቄህ ጥሩ ነው» አልኳቸው። «ሆድህ ግን በዛ። ትራሱን ቀነስ አድርገው።»

«ምን?»

«ቁጣውም ደህና ነው። ከደረትህ ይውጣ እንጂ ከአፍንጫህ አይሁን።»

«እመቤት! ከትምህርት ቢሮ ነው የመጣሁት!»

«ይኼንንማ ሁሉም ይላል፣ የኔ ልጅ። የቢሮ ሰው እንዲህ አይቸኩልም። ውጣና ቀስ ብለህ ግባ።»

ጺማቸው በአንድ ጎን የተላቀቀ መሰለኝ። ላስተካክልላቸው ብዬ ሳብ አደረግኩት።

«ዋይ!» አሉ።

ልጄ አሮጊት ሆና ዱላዋን እየተመረኮዘች ደረሰች። ሰውዬውን ስታይ ደነገጠች።

«እማዬ፣ እኚህ እኮ የእኛ አይደሉም!»

ጺሙን ለቀቅኩት።  ሰውዬው ጺማቸውን እያሻሹ ወደ እሷ ዞሩ።

«አንቺስ ማን ነሽ?»

ዝም አለች። በቃ፣ ድዳዋ ተመለሰች አልኩ። ከዚያ ጀርባዋን እንደገና አጎበጠችው።

«እኔማ የሰፈሩ አሮጊት ነኝ፣ ልጄ። ይቺን ሴት ተዋት። ልጇ አፏን የፈታችው እዚህ ነው። ልትዘጋው ከመጣህ ግን የቀረውን ጺምህን እኔ እነቅለዋለሁ።»

ሰውዬው ሳቁ፤ ትራስ ያልኩት ሆዳቸው ተርገፈገፈ። ከዚያ ወጡና ቀስ ብለው ገቡ።

«አሁንስ?» አሉኝ።

«አሁን… አሁን የቢሮ ሰው ይመስላሉ፣ ጌታዬ።»

የትምህርት ቢሮው ደብዳቤ በሁለተኛው ሳምንት መጣ። ትምህርት ቤቱ ይቀጥላል፤ የረቡዕ ሕግ ግን «የእንግዶችን አካላዊ ክብር ስለሚነካ» ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀርቷል። ዳይሬክተሩ ያለ ረቡዕ አላስተምርም አሉ። ቢሯቸው ገብቼ ለመንኳቸው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እኔን ያባርሩኝ።»

«አንቺን? በሕጉ በትክክል የሠራሽው አንቺ ብቻ ነሽ» አሉና መጻሕፍታቸውን ካርቶን ውስጥ መደርደር ቀጠሉ።

በወሩ መጨረሻ እሳቸው ሄዱ። ልጄ እዚያው ቀረች።