አማት በፊተኛው ወንበር

«ግራውን ይርገጡ፣ እማማ! ግራውን!»

«የማንን ግራ? ያንተን ነው የእኔን?»

«ሁለታችንም የምናየው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው እኮ! ግራችን አንድ ነው!»

የአናጢው አማት ቀኙን ፔዳል ረገጡ። ጀልባዋ ሦስተኛ ዙሯን ጀመረች። የሐይቁ ዳክዬዎች አብረው እየዞሩ ሲያዩ ቆይተው፣ ራሳቸውን ሲያዞራቸው ጊዜ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አናጢው ይህችን ጀልባ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳሎን ውስጥ ሲሠራት ኖሯል። መሐሏ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ የሚቀመጥበት ካያክ የሚሉት ጠባብ ጀልባ ነው፤ እንዳትገለበጥ ግራና ቀኝ ሁለት ተንሳፋፊዎች ይደግፏታል፤ ከላይ ሸራ አላት። በእሷ ምክንያት ሶፋው ወደ ኮሪደር ተሰደደ። ባለፈው ወር ደግሞ ሚስቱ ወደ እናቷ ቤት ተሰደደች። «ወይ እሷ ወይ እኔ!» ስትለው፣ «ቫርኒሹ እስኪደርቅ ታገሺኝ» ብሎ ነበር የመለሰላት።

ትናንት አማቱ ደወሉ።

«በዓይኔ አይቼ ልፍረድ። ጀልባህ ሐይቁን አሻግራ ከመለሰችኝ ልጄን ራሴ ይዣት እመጣለሁ። ካልሆነ ለጀልባዋ መጋዝህን ሳል።»

አማቱ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። የከተማውን ግማሽ ሕዝብ በእጃቸው ተቀብለውታል፤ ሌላው ግማሽ ድምፃቸውን ሰምቶ ሳይጠሩት የወጣ ነው።

ጉዱን ያመጣው አክብሮት ነው። መሪውን የሚያዞሩትን ፔዳሎች አናጢው ለራሱ ብሎ ፊተኛው ወንበር ላይ ነበር የገጠማቸው፤ ለኋለኛው የተረፈው የሸራው ገመድ ብቻ ነው። ጠዋት ዳር ላይ ታዲያ አማቱን «ከኋላዬ ይቀመጡ» የሚልበት አፍ ከየት ያምጣ? «ከፊት፣ እማማ፣ ከፊት!» አለ ጎንበስ ብሎ። የሠራው ስህተት የገባው ውሃው መሐል ሲደርሱ ነው።

ነፋሱ መጣ። ሸራው ተወጠረና ጀልባዋ ተፈተለከች፤ ጥላዋ ኋላ ቀርቶ በዋና ነው የደረሰባት። አናጢው ደስ ሊለው ሲል በአማቱ ክንድ ሥር የሐይቁ ዳር ሸንበቆ ታየው።

«እማማ፣ ሸንበቆው ውስጥ ልንገባ ነው!»

«አይቻለሁ። ዕውር ነኝ እንዴ?»

«ታዲያ ያዙሯታ!»

«አትጩኽብኝ። መጀመሪያ ተንፍስ። በአፍንጫህ ሳብ፣ በአፍህ ልቀቅ።»

«እኔ ምጥ አልያዘኝም፣ እማማ!»

«ገመዱን ልቀቀው!»

«ከለቀቅኩት እንቆማለን!»

«እንቁም! ማን ያሳድደናል?»

ጥርሱን ነክሶ ለቀቀው። ሸንበቆው ጋ ልትደርስ አንድ ክንድ ሲቀራት ጀልባዋ ቆመች። አናጢው አንገቱን ቢያሰግግ የሚታየው የአማቱ ጀርባ ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ያየው ይህንኑ ነው። የሚናገረው አይሰማለት፣ የሚሄድበት በቅጡ አይታየው፤ ሳብ ሲሉት ይስባል፣ ልቀቅ ሲሉት ይለቃል። ደሙ ፈላ።

«ከኋላ ሰው አለ አይባልም? አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብለው ቢሰሙኝ ምን ነበረበት!»

አማቱ ዞር አሉ። ይቆጣሉ ብሎ የጠበቃቸው ሴትዮ ሳቃቸውን አፍነዋል።

«ያ የተቀመጥክበት ወንበር የማን ነው?»

«የ... የልጅዎ ነው። ለእሷ ብዬ ነው የሠራሁት።»

«እሺ። ይመቻል?»

አናጢው ሸራውን ጠቀለለ። መቅዘፊያውን አንስቶ ወደ ተነሱበት ዳር ቀዘፈ።

«እንግዲህ አላሻገረችኝም» አሉ አማቱ ጫማቸውን እያራገፉ። «ውል ውል ነው።»

«ነው፣ እማማ። መጋዙ ይሳላል፤ መጀመሪያ ግን ልክ ያስፈልገኛል» አለና ስልኩን አወጣ። ሚስቱ ቶሎ አነሳች።

«ምነው? እማዬ ሰጠመች?»

«ደህና ናቸው። ስሚኝማ፣ የእግርሽን ርዝመት ለኪና ንገሪኝ። ከዳሌሽ እስከ ተረከዝሽ።»

«ለምንህ ነው?»

«ፔዳሎቹን በልክሽ ላደርጋቸው ነው። እኔ ኋላ እቀመጣለሁ።»

«ጀልባዋስ የት ነው የምታድረው?»

«ውጭ።»

መሳቢያ ሲከፈት ተሰማው።

«ቆይ፣ ሜትር ልፈልግ።»