ፊቱ ወደ ግድግዳ የዞረው ቅዱስ

የልጅ ልጄ ቤሌን በሽቦ ተንጠልጥላ እንደምትዘፍን የነገረችኝ ያምናውን ቃሪያ ከፍሪጅ አውጥተን ልጣጩን እየላጥን ሳለ ነው። እጄ በቃሪያ እየተቃጠለ ዓይኔን እንኳ መጥረግ የማልችልበትን ሰዓት አስባበት መርጣ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

"እማማ፣ መልአክ ሆኛለሁ" አለችኝ። "ከመሬት ስድስት ሜትር ከፍ ብዬ ነው የምዘፍነው።"

"መልአክ የሚኮነው ከሞቱ በኋላ ነው።"

"እኔ ቀደም ብዬ ተቀጠርኩ።"

"ሽቦው ምን ያህል ይወፍራል?"

"እንደ ጣትሽ።"

"የትኛው ጣቴ?"

ከት ብላ ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነው። ትንሿ ጣቴ ከልብስ ስፌት መኪና ጋር ከተጣላች ወዲህ በጣም ቀጭን ናት።

ቤሌን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ያኔ እንዳትጋጭ ብዬ የደረጃዬን ጠርዝ ያለበስኩት ስፖንጅ እስካሁን አልተነሣም። በወንዙ ዳር ባለው ጣሪያ በሌለው ቴአትር ሦስት ዓመት ሙሉ ለእንግዶች ወንበር ስታሳይና ትራስ ስታድል ቆየች፤ መድረክ ላይ ስትወጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እንግዶቹ ከሩቅ ነው የሚመጡት። መኪና ማቆሚያው ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ነጭ ጨርቅ አልብሰው፣ ከላይ ሐር ከታች የከብት ጠባቂ ቦት ጫማ አድርገው እራታቸውን ይበላሉ። ነጎድጓድ ሲያጉረመርም "እንዴት ያምራል!" ይላሉ። በሐምሌ ከቀትር በኋላ በከተማችን በሳንታ ፌ መብረቅ ሳይወርድ የሚውልበት ቀን ስንት ነው? በእንዲህ ያለ ሰማይ ሥር ልጅን በብረት ሽቦ ሰቅሎ ማዘፈን ከእኔ በቀር ማንንም አላስጨነቀም።

ጭንቀቴን የምነግረው አንድ ቅዱስ አለኝ፤ ልነግረው ሄድኩ። የሚኖረው ሙዚየም ውስጥ ነው።

ቅዱስ አንቶኒዮ የክንድ ርዝመት ያለው፣ ከዛፍ ሥር እንጨት የተቀረጸ ምስል ነው። የቀረጸው የባሌ ቅድመ አያት ክሬሰንሲዮ ነው። ባሌ ሲሞት የሙዚየም ሰዎች መጡና "እቤት ከቆየ ምስጥ ይበላዋል" አሉኝ። ምስጥ የሚለውን ቃል ከሰማሁ በኋላ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ ሰጠኋቸው። እነሱም ወስደው ከሥሩ "ቀራጩ ያልታወቀ" ብለው ጻፉበት። ስሙን ሦስት ጊዜ ነገርኳቸው። "ሰነድ አለዎት?" አሉኝ። ሰነዱማ እንጨቱ ነበር፤ እሱንም ወስደውታል። ከዚያ ወዲህ ብቻውን መተው ስላልሆነልኝ ረቡዕና ዓርብ በበጎ ፈቃድ እዚያው ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። የሚቀርብ ሰው ሲመጣ "እባክዎ አይንኩ" እላለሁ። የገዛ ቅዱሴን።

ክፍሉ ባዶ ሲሆን ቀረብ አልኩና፣ "አንቶኒዮ፣ ያችን የልጅቷን ሥራ አጥፋልኝ" አልኩት። "ለሌላ ስጣት። ሽቦ የሚወድ ሰው እንደሁ አይታጣም።" ሁለት ሳምንት ለመንኩት። እሱ ዝም፤ ቤሌን ደግሞ ክንፍ ልትለካ ሄደች።

እኛ ዘንድ ልመና የማይሰማ ቅዱስ ምን እንደሚደረግ ሕፃን እንኳ ያውቃል። እናቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ ታዞረው ነበር፤ እሺ እስኪል እንደዚያው ይቆያል። አማቴ ደግሞ ሣጥን ውስጥ ከትታ ትቆልፍበት ነበር፤ እኔ እንደሷ አልጨክንም። ዓርብ ከምሳ በፊት ግራ ቀኝ አየሁ፣ የመከለያውን ገመድ ተሻገርኩ፣ አዞርኩት።

"እስኪገባህ ድረስ" አልኩትና ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።

መጀመሪያ የገቡት ከሂውስተን የመጡ ባልና ሚስት ናቸው።

"ይሄኛው ጀርባውን ነው የሚያሳየው" አለ ባል።

"ሆን ተብሎ ነው" አለች ሚስት። "እኛን ነው የሚወቅሰን።"

ሩብ ሰዓት ቆሙ። ሴትዮዋ ዓይኗን ጠረገች። አንቺን ማን ወቀሰሽ፣ ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ ነው ልላት ነበር፤ ግን ጠባቂ ከእንግዳ ጋር እንዲከራከር አይፈቀድም።

በሳምንቱ ኃላፊያችን ሚስተር ሃድሊ ሁላችንንም ሰበሰበን። ከአሜሪካ ምሥራቅ ከመጣ ገና ሦስት ዓመቱ ነው፤ ወገቡ ላይ ያለው የብር ቀበቶ ዘለበት ግን የሦስት ትውልድ ውርስ ይመስላል።

"ማን ነው ያዞረው?" አለ።

ትኬት የምትቆርጠው የአጎቴ ልጅ ክሌኦቲልዴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። "ጌኖቬቫ፣ ጆሮሽ ቀልቷል።"

መቼም ምስጢር ስደብቅ የሚቀላው ጆሮዬ ሁሌም ያጋልጠኛል። እኔ ነኝ አልኩ። የእናቴንም፣ የአማቴንም፣ የሣጥኑንም ነገር ዘከዘክሁ። ቦርሳዬን ይዤ ለመባረር ተዘጋጅቼ ነበር።

ሚስተር ሃድሊ ወንበር ሳይፈልግ መሬት ላይ ቁጭ አለ። "ወይዘሮ አርቺቤኬ፣ ይህ እኮ ሕያው ባህል ነው!"

"ቅጣት ነው" አልኩት።

"አይንኩት! እንዳለ ይቆይ!"

ጽሑፉ ተቀየረ። አሁን የሚለው "ቀራጩ ያልታወቀ። አቀማመጥ፦ በጌኖቬቫ አርቺቤኬ" ነው። የአንቶኒዮ ጀርባ በትልቅ ወረቀት ታትሞ አደባባዩ ላይ ተለጠፈ። ሰዉ ተሰልፎ ይገባ ጀመር።

"ክሬሰንሲዮ ጣቱ እስኪቆስል ቀርጾ ስም የለውም" አለችኝ ክሌኦቲልዴ። "አንቺ ባንዴ አዙረሽው ስምሽ ተጻፈ።"

"አታሹፊብኝ።"

"ማን አሾፈ? ፊርማሽን ስጪኝ ልልሽ ነው።"

ትርኢቱ ቅዳሜ ሊከፈት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ልምምድ ነበር፤ ቤተሰብና ከሆቴሎቹ የተጋበዙ እንግዶች ገቡ። እኔ የዝናብ ልብስ፣ ፋሻ፣ አዮዲንና ብስኩት ይዤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ቤሌን ነጭ ለብሳ፣ ክንፏን ዘርግታ ወጣች። እውነት ለመናገር ታምር ነበር። ጫፍ ላይ ስትደርስ ሞተሩ እንደ ሳል ነገር አሰማና ቀጥ አለ። ሽቦው ተጠማዘዘ፤ ልጄ ቀስ ብላ ዞረች፣ ዞረች፣ ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ ፊቷን ወደ ኋለኛው ግድግዳ አድርጋ ቀረች።

ልክ እሱን እንዳዞርኩት።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ ጠፋ። እሷ ግን መዝፈኗን አላቆመችም፤ ለግድግዳው ዘፈነችለት። እንግዶቹ የዝግጅቱ አካል መስሏቸው አጨበጨቡ። በመሰላልና በገመድ እስኪያወርዷት ድረስ አዮዲኑን በእጄ ጨብጬ ቆሜ ነበር።

መኪና ውስጥ አለቀሰች። "እስከ ቅዳሜ ድረስ ሞተሩን ካላመኑት መልአኩን ጭራሽ ያወጡታል። ሌላ የምዘፍነው የለኝም፤ አበቃልኝ ማለት ነው።"

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እሰይ አንቶኒዮ ሰማኝ አልኩ በሆዴ።

"እማማ፣ ምንድነው ፊትሽ እንዲህ የበራው?"

መዋሸት አልችልበትም፤ ጆሮዬ አለ። ነገርኳት። ልቅሶዋን አቁማ አፈጠጠችብኝ።

"ሥራዬን እንዲያጠፋ ማንን ነው የለመንሽው?"

"አንቶኒዮን።"

"አንቶኒዮ እኮ የጠፋ ዕቃ የሚያገኝ ነው! ዕቃ ፈላጊውን አጥፋልኝ ትይዋለሽ?"

"ታዲያ ሌላ ቅዱስ መቼ አለን? ያለን እሱ ብቻ ነው፣ ሁሉንም ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። የአያትሽን ጥርስ ያዳነው ማነው?"

"የጥርስ ሐኪም!"

ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና፣ "ይሄ ከቀረ ዴንቨር ነው የምሄደው" አለች። "ጓደኛዬ ኢኔስ እዚያ የምታከራየው ክፍል አላት። እዚህ ትራስ ሳድል አላረጅም።"

ዴንቨር። የስድስት ሰዓት መንገድ፣ ከባድ መኪና፣ በረዶ፣ የማላውቀው የበር ቁልፍ። ሥራዋን አጥፋልኝ እያልኩ ለካ ስለምን የቆየሁት ልጅቷን ራሷን እንዲያሳጣኝ ነው።

በማግስቱ ሙዚየሙ ሳይከፈት ደረስኩ። "ሚስተር ሃድሊ፣ የቅዱሱን ፊት አሁኑኑ ልመልሰው።"

"አይቻልም፤ ኤግዚቢሽኑ እስከ ጥቅምት ይቆያል።" ከመሳቢያው ወረቀት አወጣልኝ። "ይህን የቅርስ ማንቀሳቀሻ ጥያቄ ይሙሉ፤ ኮሚቴው በወሩ መጨረሻ ያየዋል።"

"ያዞርኩት እኮ እኔ ነኝ!"

"አዎ፤ ያኔ ግን ኤግዚቢሽን አልነበረም።"

በራፉ ላይ ሌላ ጠባቂ አቁመውበታል፤ እኔን እንኳ "እባክዎ አይንኩ" አለኝ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሳስብ አንዲት ሕፃን እናቷን "ፊቱስ?" ስትላት ሰማሁ። ተነሥቼ ወደ ቢሮው ሮጥኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ መሮጥ እንደማይገባኝ አውቃለሁ።

"ሚስተር ሃድሊ፣ ሕዝቡ ፊቱን አላየንም እያለ እያዘነ ነው። ግድግዳው ላይ መስተዋት ቢደረግስ?"

ዓይኑ በራ። "ነጸብራቅ!" አለ። "ወይዘሮ አርቺቤኬ፣ እርስዎ የተለዩ ሰው ነዎት!"

ከምሳ በፊት መስተዋቱ ተሰቀለ። ገመዱ ዘንድ ቆምኩ። አንቶኒዮ በትከሻው ላይ አሻግሮ አየኝ። የታረቀኝ አይመስልም፤ ጀርባው ያው ነው፣ ግን ቢያንስ ተያየን።

"ያልኩህን ሁሉ ተወው" አልኩት። "የራስህን ሥራ ሥራ። የጠፋ ነገር ፈልግ። ልጅቷን እንዳታጠፋብኝ።"

ከኋላዬ አንድ እንግዳ፣ "ጸሎቱም የዝግጅቱ አካል ነው?" ብሎ ጠየቀ።

"ረቡዕና ዓርብ ብቻ" አለችው ክሌኦቲልዴ።

ቅዳሜ ጠዋት መካኒኩ ሞተሩን ፈትቶ አንድ ብሎን መጉደሉን አየ። እንደዚያ ያለ ብሎን በከተማው ውስጥ ጠፋ። ኋላ የት ተገኘ? ቤሌን ስታድል በኖረችው የትራስ ቅርጫት ግርጌ። ያገኘው የመድረክ ሠራተኛ ነው ይላሉ። ይበሉ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ተጀመረ። ደመናው በምዕራብ ቆሟል፤ ሁለቴ ሲያብለጨልጭ አየሁት። ቤሌን ወጣች። ጫፍ ላይ ደረሰች። ሞተሩ አላሳለም፤ እሷ ግን ዞረች፣ ዞረች፣ ጀርባዋን ሰጠችን።

የሐሙሱ ጭብጨባ ጥሟቸው መዞሩን ከዝግጅቱ እንዳስገቡት ማን ነገረኝ? ቤሌን ነግሬሻለሁ ትላለች። ምናልባት ያኔ ደመና እየቆጠርኩ ይሆናል። ብቻ ተነሥቼ ቆምኩ፤ ሐሙስ የጠፋው ድምፄም ተገኘ።

"ቤሌን! ፊትሽን አዙሪ! ወደኔ ዙሪ ልጄ!"

ሙዚቃውም ልክ የምትዞርበት ቦታ ላይ ደርሶ ነበርና ዞረች። መብራቱ ፊቷ ላይ አረፈ፤ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ቁልቁል እያየች የመጨረሻውን ዜማ ለቀቀችው። ሕዝቡ ብድግ አለ። አጠገቤ የነበረው የሐር ክራቫት ያሰረ ሰውዬ እጄን ጨብጦ፣ "እናት፣ እንዴት ያለ ትወና ነው!" አለኝ።

ሲያልቅ የመድረክ አዘጋጇ፣ ጥቁር የለበሰች ቀጭን ሴት፣ እየፈለገች መጣች። ይቅርታ ልጠይቅ ቃል አዘጋጅቼ ነበር።

"ማክሰኞም መምጣት ይችላሉ?" አለችኝ።

ይኸው ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተነሥቼ እጮሃለሁ። በፕሮግራሙ ላይ ከልጅቷ ስም ሥር "ሴትዮዋ፦ ጌኖቬቫ አርቺቤኬ" ተብሎ ታትሟል። ቤሌን ለከርሞም ከዘፋኞቹ ጋር ተቀጥራለች፤ ኢኔስ ክፍሉን ለሌላ ሰው አከራየችው። አንቶኒዮ እስከ ጥቅምት ግድግዳውን እያየ ነው፤ እኔም በመስተዋቱ አየዋለሁ።

እንግዶቹ መውጫው ላይ ይከቡኛል። "እንባዎ ሁልጊዜ አዲስ ነው፤ ይህን ትወና የት ተማሩ?" ይሉኛል። ሙዚየም እላቸዋለሁ።

እኔ ግን ትወና አላውቅም። ሽቦውን ቀርቤ አይቼዋለሁ፤ የሚያክለው ትንሿን ጣቴን ነው።